የቅርጫ ቢላዋና የእኔ ጅማት

ስለ ጅማት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ። ሐኪም ቤት አትሂዱ ማለቴ አይደለም፤ እኔም ሄጃለሁ። ሐኪም ግን ጅማትን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ እኔ ያወቅኩት ከበሬ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ጅማት አይንሸራተትም፣ አይሸሽም፣ ባለቤቱንም በአደባባይ አያዋርድም። የበሬውና የእኔው ግን ይህን ሁሉ ያደርጋሉ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት የአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ተገልብጦ የተለጠፈ ስለነበረ፣ ተገልብጦ የተጻፈ ነገር በማንበብ እስከ ዛሬ በሀብሩ ወረዳ የሚስተካከለኝ አልተገኘም። ሬዲዮ መጠገን፣ ፋኖስ መበየድ፣ የበሬን ዕድሜ ከጥርሱ ማወቅ፣ ሁሉንም ያስተማርኩት ራሴን ራሴው ነኝ። መምህሩም ጎበዝ ነበር፤ ተማሪውም ጎበዝ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የቅርጫ ሰው ነኝ። መርሳ ላይ በዓል በመጣ ቁጥር ሰፈራችን አንድ በሬ በጋራ ይገዛል። የማርደው እኔ፣ የምገፈው እኔ፣ ሥጋውን በየመደቡ የምደለድለው እኔ። ሚዛን አልይዝም፤ ዓይኔ ሚዛን ነው። መደቡ ላይ ዕጣ ይጣላል፣ ሁሉም የደረሰውን ይዞ ይገባል። ጅማቱን ማንም ስለማይፈልገው እኔ እወስደዋለሁ፤ አጥቤ፣ በሁለት ችካል መሃል ወጥሬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ለጥጥ መንደፊያ ደጋን አደርገዋለሁ። የመርሳ ሴቶች ከሚለብሱት ነጠላ ግማሹ ጥጡ የተነደፈው በእኔ ጅማት ነው። በበሬዬ ጅማት ማለቴ ነው። ያኔ ልዩነት ነበረው።

ጦርነቱ መርሳን ረግጦ ካለፈ በኋላ የመጣው የመጀመሪያ በዓል ገና ነበር። ሰዉ ከተሰደደበት ተመልሶ ገና ጓዙን አልፈታም። አንዳንዱ ቤት በር የለውም። የእኔ ቤት በር ነበረው፤ በሩን ስከፍተው ግን ከበሩ ሌላ ምንም አልነበረም። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮው ቆሟል። ከጠፋው ንብረት ሁሉ ያንገበገበኝ ግን ቢላዋዬ ነው። እጀታውን ከቀንድ ራሴ የሠራሁለት፣ እጄ እንዳያልፍ ጉብ ያለ ማቆሚያ ያበጀሁለት ቢላዋ። የወሰደው ሰው የቢላዋ ዕውቀት እንዳለው አልጠራጠርም፤ በእሱ ብቻ አከብረዋለሁ።

ያም ሆኖ ሰፈሩ ተሰብስቦ «በሬ ሳናርድማ ገና አልመጣም» አለ። አንድ በሬ ተገኘ። እሱም እንደኛ ተሰድዶ የተመለሰ ይመስል ጎድኑ ይቆጠራል። ቢላዋ ያበደረኝ ጎረቤቴ ደምሴ ነው። ደምሴ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ካልለኩት ነገር ያለ አይመስለውም።

«ይሄ ቢላዋ ይቆርጣል?» አልኩት፣ በአውራ ጣቴ ስለቱን እየዳሰስኩ።

«ባለቤቴ ጎመን ትቀረድድበታለች።»

«በሬ ጎመን ይመስልሃል?»

«ይሄኛውስ ከጎመን አይበልጥም» አለኝ።

ጀመርኩ። አረድኩ፣ ገፈፍኩ፣ ጎድኑን አወጣሁ። ዳቢቱ ላይ ስደርስ መገጣጠሚያው እምቢ አለ። ልምድ የሌለው ሰው ቢሆን ቢላዋውን አውጥቶ ሌላ ቦታ ይሞክር ነበር። እኔ ልምድ ስላለኝ በኃይል ገፋሁት። እጀታው ስብና ደም ጠጥቷል፤ ማቆሚያ የለውም። ቢላዋው አጥንቱ ላይ ቆመ። እጄ ግን አልቆመም።

ደም መጣ። መጀመሪያ የበሬው መሰለኝ፤ በኋላ ግን በሬው ይህን ያህል ደም እንዳልነበረው አስታወስኩ። ባለቤቴ ዘነቡ ነጠላዋን ቀድዳ እጄን ጠቀለለችው። እኔ ግን ሥራዬን ጥዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ ተቀምጬ በግራ እጄ እያሳየሁ፣ ሌሎቹን እያዘዝኩ፣ መደቡን አስጨረስኩ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሱ ቁስሉን አጥቦ «እስቲ ሌባ ጣትዎን ያጥፉት» አለኝ። አልታጠፈም። «ጅማቱ ተቆርጧል፤ ዛሬውኑ ወልድያ ሆስፒታል ይሂዱ» አለ።

ዛሬውኑ! ገና ነው፣ ሥጋ አለ፣ መኪና የለም። ደግሞም ጅማት ምን እንደሆነ ለእኔ ሊነግረኝ ነው? ቤቴ ገባሁ። ቆዳው ሲገጥም ውስጡም ይገጥማል አልኩ። ቆዳው እውነትም ገጠመ። ጣቱ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ። ሌሎቹን ጣቶች ስጨብጥ እነሱ ይታጠፋሉ፤ ሌባ ጣቴ ብቻ ወደ ፊት ተቀስሮ ይቀራል። ከዘራ ብይዝ ይቀሰራል፣ ጋቢዬን ብሰበስብ ይቀሰራል። ሰው የሚጠቁም ሽማግሌ ሆንኩላችሁ።

ይህ በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። ጊዜው ግን ማን ምን ወሰደ፣ ማን ለማን ምን ነገረ የሚባልበት ጊዜ ነው። ገበያ ውስጥ አንዲት ቲማቲም ሻጭ «እንደምን ዋልሽ?» ብላት፣ ከዘራዬ ላይ የተቀሰረውን ጣት አይታ «እኔ እዚህ አልነበርኩም፣ አባቴ! ሐርቡ እህቴ ቤት ነበርኩ!» ብላ መሐላ ጀመረች። ሳልጠይቃት ቲማቲም መረቀችልኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን ያህል ወደ ሌሎች ሻጮችም ሄጄ ነበር።

ነገሩ የከፋው ዕድራችን የተሰበሰበ ቀን ነው። የዕድሩ ድንኳን በዚያ ትርምስ ጠፍቷል። ሊቀመንበሩ «ድንኳኑ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገር» ብሎ ጠየቀ። እኔ ወገቤን አሞኝ ልነሣ ፈለግኩ። ከዘራዬን ጨብጬ ተነሣሁ። ስነሣ ጣቴ ደምሴ ግንባር ላይ አረፈ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ደምሴ ዞረ።

«እኔን?» አለ ደምሴ። «ድንኳኑን እኔ ወሰድኩት ነው የምትለው?»

«እኔ ምንም አላልኩም፤ ጣቴ ነው» አልኩ። ይህን ባልናገር ይሻል ነበር።

«እህ! ቢላዋዬን አበድሬ፣ በሬያችንን በደምህ አበላሽተህብን፣ ደግሞ ሌባ ታደርገኛለህ?» ደምሴ ከመቀመጫው ተነሣ። «ወንድሞቼ፣ ይሄ ሰውዬ እጁ አልቋል። ለፋሲካ ቅርጫውን የምቆርጠው እኔ ነኝ። እንደ ሠለጠነ ሰው በሚዛን እንካፈላለን!»

ጥቂቶች ጭብጨባ አሰሙ። ጭብጨባው ከቢላዋው በላይ ቆረጠኝ። ድንኳኑ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተገኘ፤ ደምሴን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ይቅር አለኝ፣ ሚዛኑን ግን አልተወም። እኔም ወሰንኩ፦ ፋሲካ ከመድረሱ በፊት ይህ ጣት ይታጠፋል፤ ቢላዋውም በእኔ እጅ ይገባል። ካልሆነ መርሳ ውስጥ በሚዛን የተከፋፈለ ሥጋ ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ።

መጀመሪያ ወደ ግራና ከተማ ወረድኩ፣ አባ ይመር ወደሚባሉ ወጌሻ። እጄን ይዘው፣ መዳፌን በቅቤ አሽተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ።

«ያ አላህ! አጥንት ቢሆን ገጥሜ እሰድድህ ነበር» አሉኝ። «ይሄ የጉድጓድ ገመድ ነው። ተበጥሶ ባልዲው ታች ቀርቷል። ሂድ፣ ሐኪም ያውጣልህ። እኔ ዱዓ አደርግልሃለሁ።»

«ትንሽ አሽተው ቢጎትቱትስ?»

«ምኑን ልጎትተው? ጫፉ የለም እኮ! ባይሆን ምላስህን ልጎትትልህ?»

በማግስቱ ከዘነቡ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ወልድያ ተነሣን። ሲሪንቃ ላይ ለፍተሻ ውረዱ ተባልን። «እጅ ወደ ላይ!» አለ አንድ ወጣት ሚሊሻ። ሁላችንም አነሳን። ግራ እጄ እንደ ሰው እጅ ተዘረጋ። ቀኙ ግን ቁስሉ ስለሚይዘው በደንብ አይዘረጋም፤ ግማሽ ጭብጥ ብሎ ጣቱን ወደ ጎን ቀሰረ። ጎኔ የቆመው የሽንኩርት ጆንያ የያዘ ሰውዬ ነበር። ሚሊሻው ጣቴን አየ፣ ሰውየውን አየ።

«አንተ፣ ና ወደዚህ!»

«እኔ ምን አደረግኩ?» ሰውየው ጆንያውን ጣለ።

«የለም፣ የለም፣ እሱ አይደለም!» ብዬ ላስረዳ ዞር ስል፣ ጣቴም አብሮኝ ዞረና ሹፌሩ ላይ አረፈ።

«ሹፌሩም አለበት?»

«ኧረ አይደለም!» እያልኩ ወደ ሌላው በኩል ስወራጭ፣ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ነፋስ እንደመታው ማሽላ ጎንበስ አለ።

ያዳነችን ዘነቡ ናት። «ስማ አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ጣቱን ቢላዋ ቆርጦት ነው! እንኳን የሰው ምሥጢር፣ የራሱን ካልሲ የት እንዳስቀመጠ አያውቅም!»

ሚሊሻው አላመነም። ጣቴን ይዞ አጠፈው፣ ለቀቀው። ጣቱ እንደተኛ በግ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቀጥ አለ። ደግሞ አጠፈው። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው፤ ጓደኛውም ሞከረ። ሳቁ። «ይሂዱ አባቴ፣ እግዜር ይማርዎት። ግን እስከ ወልድያ ድረስ ይቺን ጣት ኪስዎ ውስጥ ይክተቷት።»

እኔ የሰው ምክር የምሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ በሰማሁ ቁጥርም እጎዳለሁ። ጣቴን የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ወልድያ መግቢያ ላይ ያለው ፈታሽ ኪሴን ገፍቶ የወጣውን ነገር አየና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ።

«ኪስዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ጣት።»

«የማን ጣት?»

በዚያ ሰሞን ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። «የራሴ» አልኩት።

«ቀስ ብለው ያውጡት!»

ቀስ ብዬ አወጣሁት። ወጥቶም እሱኑ ጠቆመው።

ሆስፒታሉ እንደኛው ከበሽታው ገና ሲያገግም ነበር። ዕቃው ጎድሏል፤ ሰዎቹ ግን ነበሩ። ሐኪሙ ጢሙ ገና ለመብቀል ያልተማከረ ወጣት ነው። እጄን አገላብጦ አየና «ለምን ዘገዩ አባቴ?» አለኝ። «ጅማት ሲቆረጥ እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጫፉ አሁን መዳፍዎ ውስጥ ገብቶ ተኮራምቷል።»

«እሱም ተፈናቀለ በለኛ!»

ሳቀ። «እንግዲህ ፈልገን ወደ ቀየው እንመልሰዋለን። ግን ልብ ይበሉ፤ መስፋቱ የእኔ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ ነው። የእርስዎ ይከብዳል።»

«እኔ ከባድ ሥራ ለምጃለሁ» አልኩት።

ብብቴ ሥር መርፌ ወጋኝ፤ ክንዴ ከእኔ ተለይቶ የጎረቤት ክንድ መሰለ። በመሃላችን ጨርቅ ጋረዱ። እንቅልፍ አልሰጡኝም፤ ይህ የእነሱ ስሕተት ነው።

«ዶክተር፣ አገኘኸው?» አልኩ ከጨርቁ ማዶ።

«እየፈለግኩ ነው።»

«በሬ ሲሆን ወደ ክንዱ ገፋ፣ ገፋ እያደረግክ ብታልበው ራሱ ብቅ ይላል።»

ጥቂት ቆይቶ «መጣ!» አለ። እኔ ነኝ ያመጣሁት ብዬ ለዘነቡ እስከ ዛሬ እናገራለሁ። እሱ በበኩሉ ድሮም እንደዚያው ያደርጉታል ይላል።

«አጥሮብህ እንደሆነ ቤቴ የደረቀ የበሬ ጅማት አለኝ። አንደኛ ደረጃ ነው።»

«በሬው ፈቅዷል?» አለኝ ከማዶ። ነርሷ በጭምብሏ ውስጥ ስትስቅ ሰማሁ። መሃል ላይ ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። እኔ ጸሎት ጀመርኩ፤ ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ያሰራትን ባትሪ አብርቶ «ይቀጥሉ አባቴ፣ ስለ በሬው ይንገሩን» አለ። እጁ ሳይንቀጠቀጥ ጨረሰው። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ቅርጫ አለመቁረጡ ያሳዝናል።

እጄን አንጓው ላይ ጎንበስ፣ ጣቶቹን ቆልመም አድርገው በጀሶ አሰሩት። ከዚያ ለሐያት አስረከቡኝ። ሐያት የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ የአካል እንቅስቃሴ ሐኪም። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ትእዛዝዋ ግን የሻለቃ ነው።

«አባባ፣ በደንብ ያዳምጡኝ። በጤነኛው እጅዎ ይቺን ጣት ቀስ አድርገው ያጥፏት፣ ጀሶው እስከሚፈቅድልዎ ብቻ ይመልሷት። በየጊዜው። በራሷ ኃይል ግን እንዳትጨብጥ፣ ምንም እንዳያነሱባት። ከጨበጡ ጅማቱ ይበጠሳል፤ ካላንቀሳቀሱ ይጣበቃል። ወላሂ ሁለቱም ያው ነው። ገባዎት?»

«ገባኝ ልጄ» አልኩ። በልቤ ግን ይቺ ልጅ ደጋን ወጥራ ታውቃለች ወይ እያልኩ ነበር። እርጥብ ጅማት ቢነካኩት ይላላል። ጅማት የሚጠነክረው ሳይነካ፣ ሲደርቅ ነው። ይህን መርሳ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ቤቴ ገባሁና በማውቀው መንገድ ራሴን ማከም ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ በርጩማ አስቀምጬ፣ የታሰረውን እጄን ከልብስ ማስጫው ገመድ ጋር ከፍ አድርጌ አስሬ ፀሐይ አስመታዋለሁ። አላንቀሳቅሰውም፤ ዝንብ እንኳ ቢያርፍበት እፍ እላለሁ እንጂ አልወራጭም። ድመቷ ሥሬ ተቀምጣ ቀና ብላ ማየት ጀመረች። የሚያልፈው ሰው «ምነው፣ እጅህን አሰጣኸው?» ይለኛል። «ዕውቀት ነው፤ አይገባህም» እላለሁ።

መብላቱ ሌላ ፈተና ሆነ። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው፤ እንደ ከተማ ሰው በማንኪያ ሽሮ መጠርጠርም አያምርብኝም። ስለዚህ ዘነቡ ታጎርሰኝ ጀመር። ጉርሻ ፍቅር ነው የሚባለው ሰው ሲወድህ ነው፤ ዘነቡ ግን የጉርሻውን መጠን በወሬዬ ልክ አደረገችው። ስለ ድሮ ጀብዱዬ ልጀምር አፌን ስከፍት አፌ ይሞላል። ስውጥ ልቀጥል ስል ደግሞ ይሞላል። በዚያ ወቅት ያልተጨረሱ ታሪኮች ሆዴ ውስጥ ቀርተዋል።

የቀጠሮዬ ቀን ሐያት ጀሶውን ፈታችው። ጠባሳው አምሯል፤ እኔም ኮራሁ።

«እስቲ ቀስ ብለው ለማጠፍ ይሞክሩ።»

ሞከርኩ። ከግንባሬ ላብ ወጣ፣ ከጣቴ ግን ምንም። በእጇ ይዛ ልታጥፈው ሞከረች፤ እንደ ደረቀ እንጨት ነው። ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ምን አደረጉት?»

«ያልሽኝን» አልኩ።

«ቋንጣ አደረገው» አለች ዘነቡ። «ገመድ ላይ ሰቅሎ፣ ፀሐይ አስመትቶ። ሚጥሚጣ ብቻ ነው የቀረው።»

ሐያት መሳቅ ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው። ሐኪሙን ጠራችው። ሁለቱም እጄ ላይ አቀረቀሩ። አልተበጠሰም አሉኝ፤ ተጣብቋል፤ ከዙሪያው ሥጋ ጋር አብሮ ተሰፍቷል። አሁን ካልተላቀቀ እንደገና መከፈት አለበት፤ ያም ቢሆን መንገዱ ነገ ክፍት ይሁን ዝግ ማን ያውቃል። የበሬ ጅማት ሞቶ፣ ደርቆ ነው ደጋን የሚሆነው አለኝ ሐኪሙ። የሰው ጅማት ግን ሕይወት አለው፤ ሲንቀሳቀስ ነው የሚድነው።

ይህን ስሰማ ዓይኔ ላይ የመጣው ደምሴ ነው፤ ሚዛኑን አንጠልጥሎ፣ ጎመን መቀርደጃውን ይዞ።

«ለፋሲካ ቢላዋ መያዝ አለብኝ» አልኳት ለሐያት።

«የምፈቅደው እኔ አይደለሁም አባባ። ጣትዎ ናት።»

«እንግዲያው ከእሷ ጋር እነጋገራለሁ።»

ተነጋገርን። ንግግሩ ግን ጠብ ነበር። ጠዋት ስነሣ እጄን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እነክራለሁ፤ ጠባሳውን በቫዝሊን ቆዳው እስኪግል አሻለሁ። ከዚያ የጣቴን ወገብ በግራ እጄ ቀፍድጄ ጫፉን ብቻ «ታጠፍ!» እለዋለሁ። አይታጠፍም። «ታጠፍ አንተ ከንቱ!» አሁንም የለም። ሕመሙ ከመዳፌ ተነሥቶ ጆሮዬ ጀርባ ድረስ ይሄዳል። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ በሬ እንኳ ይሉኝታ ይዞት የሚለቅልኝ ሰው ነኝ። መንገዱ ተዘግቶ ወደ ወልድያ መሄድ ባልቻልኩበት ሳምንት እንኳ ሐያት ከፊቴ የቆመች ይመስል እየተቆጣሁ ሠራሁ። ጀሶው ከተፈታ ከረምረም ሲል ደግሞ ሽምብራ ከሳህን ወደ ሳህን አንድ በአንድ መልቀም፣ የሊጥ ድብልብል መጨበጥ ታዘዘልኝ። ሊጡን ጋቢዬ ውስጥ ይዤ ሁሉም ቦታ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት እየጨበጥኩ አለቀስኩ፤ የዕድር ስብሰባ ላይ እየጨበጥኩ ተቃወምኩ። አንዴ ቄሱን ስጨብጥ ሊጡ እጃቸው ላይ ቀረ። ምንም አላሉም፤ አሽትተው ኪሳቸው ከተቱት።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ ጣቴን ስሳደብ ጫፏ ተነቃነቀች።

«ዘነቡ! ዘነቡ! ተነቃነቀች!»

«ማን?»

«ጣቴ!»

«ነፋስ ይሆናል» አለች ከጓዳ። መጥታ ግን አጠገቤ ተቀመጠች። «እስቲ ድገማት።» ደገምኳት። የጤፍ ፍሬ ያህል ተነቃነቀች። ዘነቡ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ጢስ ነው» አለች። እሳት አልነደደም ነበር። እኔም አልጠየቅኳትም፤ የእኔንም ዓይን ያው ጢስ ይዞት ነበርና።

ፋሲካ ሲቃረብ ጣቴ መዳፌን ባትነካም መንገዱ አጋማሽ ላይ ደርሳ ነበር። ሐያት በእጇ እየለካች «ማሻ አላህ» አለች። ስለ ቢላዋው ስጠይቃት ብዙ አሰበች። «ለስላሳ ሥጋ፣ ለጥቂት ጊዜ። አጥንት አይነኩም፣ አይታገሉም። ቃል ይግቡልኝ።» ቃል ገባሁ። ስገባ ከልቤ ነበር።

የበዓሉ ዋዜማ በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ፣ አጥንቱን ጎረምሶች ለያዩት። ደምሴ ሚዛኑን ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ መነጽሩን አድርጎ ቆሟል። መሃል ገባሁና እጄን ዘረጋሁ። «ቢላዋውን» አልኩ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ደምሴ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «መያዝ ከቻልክ እንካ። እንደ ባለፈው ግን ጣትህን መደብ ውስጥ እንዳትጨምርብን፤ ጾም የምፈታው በበሬ ነው።»

ጨበጥኩት። ሦስቱ ጣቶች ወዲያው እጀታው ላይ ተጠመጠሙ። አራተኛዋ ዘገየች። ሁሉም እሷን ያያል። መጣች፣ መጣች፣ ደረሰች፤ እጀታው ላይ ተቀመጠች። ቆረጥኩ። ቀስ ብዬ፣ አጥንት ሳልነካ፣ ሽንጡን፣ ጉበቱን፣ ጨጓራውን ደለደልኩ። ሰው «እግዜር ጨርሶ ይማርህ» እያለ በሐዘኔታ ያየኛል። መደቦቹ እኩል ባይሆኑም ዝም እንደሚሉኝ አውቄያለሁ፤ ይሄው ነው ያቃጠለኝ። በሽተኛ ተደርጌ መታየቴ ከጣቴ ይልቅ አመመኝ።

የቀረው ሻኛው ነበር። ለሁለት ልከፍለው ቢላዋ አስገብቼ ግማሽ ቆረጥኩና፣ ቢላዋውን አስቀምጬ በቀኝ እጄ ወደ ዳር መደብ ላነሣው ስል ደምሴ ደረሰ።

«ይሄኛው መደብ ነው የጎደለው! ዓይንህም እንደ ጣትህ ደንዝዟል እንዴ?» ብሎ የሻኛውን ሌላ ጫፍ ያዘ።

ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ያለኝ ሰው አልነበረም። ልቤ በደስታ ዘለለ። «የእኔን ዓይን ነው የምትሰድበው?» አልኩና ያዝኩ። እሱ ሳበ፤ እኔም ሳብኩ። ስቡ ያንሸራትታል፣ ጣቴ ግን ገባች፣ ቆነጠጠች፣ ያዘች።

«ልቀቅ!» ዘነቡ ከሴቶቹ መሃል ጮኸች። «ልቀቅ አንተ ሰውዬ! ጅማቱ! የሐያት ቃል!»

ደምሴ እግሩን ተክሎ ሳበ። አልለቀቅኩም። ከመሃላችን አንድ ነገር «ጧ» ብሎ ተበጠሰና ሁለታችንም በየፊናችን በቂጣችን ዘጭ ብለን ተቀመጥን።

ዘነቡ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ደምሴ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በጉልበቱ ወደ እኔ ዳኸ። «ወንድሜ… ጅማትህ ነው?» አለኝ በቀስታ። «ማርያምን አላሰብኩም ነበር። መኪና እንፈልግ?»

ሌባ ጣቴን ዘረጋኋት፣ መልሼ አጠፍኳት። ዘረጋኋት፣ አጠፍኳት። መጣች።

የተበጠሰው ሻኛው ነበር። ትልቁ ቁራጭም በእኔ እጅ ቀርቷል።